የሥራው ድርሻ፦ ሦስት ጊዜ የሚበላ የቀን ሠራተኛ ለምን ይከሳል?

በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር የሰው ሚዛን አስቀምጠው በጥቂት ብር የአላፊ አግዳሚውን ክብደት የሚለኩ ልጆች አሉ። ግንባታ በሚበዛባቸው ሰፈሮች፣ ሥራ በሚፈታበት በ11 ሰዓት ገደማ፣ ሲሚንቶ የደረቀበትን ጫማቸውን አውልቀው ሚዛኑ ላይ የሚወጡ ወጣቶችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ቁጥሩ ካለፈው ወር ወርዶ ሲገኝ አንዱ ‹‹የከተማው አየር አልተስማማኝም›› ይላል፣ ሌላው ‹‹ሐሳብ ነው የሚያከሳኝ›› ይላል። ሐሳብ ሰውን እንደሚያከሳ አልክድም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ብሎኬትና አሸዋ ሲያመላልስ በሚውል ሰው ላይ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ሐሳቡ ሳይሆን ሒሳቡ ይመስለኛል።

ለሒሳቡ መነሻ የሚሆኑት የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2001 እ.ኤ.አ. በጋራ የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ ያቀረባቸው ቀመሮች ናቸው። በእነዚህ ቀመሮች መሠረት ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነና 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወንድ ምንም ሳይሠራ ተኝቶ ቢውል እንኳ ልቡ እንዲመታ፣ ሳንባው እንዲተነፍስና ሙቀቱ እንዲጠበቅ ብቻ በቀን ወደ 1,600 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። ይህ መሠረታዊ ፍጆታ በአኗኗሩ ልክ ይባዛል። ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ማባዣው 1.55 ገደማ ሲሆን የቀኑ ፍላጎት ወደ 2,500 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል፤ ከባድ የጉልበት ሥራ ለሚሠራ ሰው ግን ማባዣው ከ2 እስከ 2.4 ስለሚደርስ፣ መካከለኛውን 2.2 ብንወስድ ፍላጎቱ ወደ 3,500 ከፍ ይላል። ሁለቱ ሰዎች በዕድሜም በኪሎም እኩል ናቸው፤ የሚለያያቸው 1,000 ኪሎ ካሎሪ በቀጥታ ከሥራው የሚመጣ ነው። ከዚህ በኋላ ይህን ልዩነት የሥራው ድርሻ እያልሁ እጠራዋለሁ፣ የዚህ ጽሑፍ ክርክር በሙሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና።

አሁን ደግሞ ማዕዱን እንይ። ጠዋት ሁለት ትንንሽ ዳቦ በስኳር ሻይ፣ ምሳ ላይ አንድ ተኩል እንጀራ በሽሮ፣ ማታ አንድ እንጀራ በዚያው ዓይነት ወጥ የሚበላ ሠራተኛ እንውሰድ። መቶ ግራም እንጀራ ወደ 150፣ መቶ ግራም ዳቦ ደግሞ ወደ 250 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል ብለን፣ አንዱን እንጀራ 300 ግራም አድርገን ስንደምር ቀኑ ከ2,000 እስከ 2,300 ኪሎ ካሎሪ ባለው ውስጥ ይዘጋል። የእንጀራው ስፋትና በሽሮው ውስጥ የገባው ዘይት ቁጥሩን ወደ ላይም ወደ ታችም ሊወስዱት ይችላሉ። ቢሆንም ለጋስ ሆነን 500 ብንጨምርለት እንኳ ይህ የተቀማጭ ሰው ማዕድ እንጂ የተሸካሚ ሰው ማዕድ አይሆንም። ሠራተኛው ግን ቁርስ፣ ምሳና እራት በልቷል፤ ቢጠየቅም ‹‹ሦስት ጊዜ እበላለሁ›› ብሎ የሚመልሰው በእውነት ነው። በእኛ ዘንድ ረሃብ የሚለካው በተዘለለ ማዕድ ስለሆነ፣ ማዕድ ሳይዘሉ መራብ የሚባል ነገር መኖሩን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ጉድለቱን ሰውነት ከየት ይሞላዋል? በአብዛኛው ከተጠራቀመው ስብ፣ በከፊልም ከጡንቻው ይወስዳል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ በቀን 400 የሚጎድለው ሰው በመጀመሪያው ወር አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን በዚያው ፍጥነት እየወረደ አይቀጥልም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ገቢው ሲያንስ ወጪውን መቁረጥ ይጀምራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ፣ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ.፣ አንስል ኪስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ፈቃደኞችን ለ24 ሳምንታት ከፍላጎታቸው ግማሽ ያህሉን ብቻ እያበላ ተከታትሏቸው ነበር። ሰዎቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል ሲያጡ፣ ተኝተው እንኳ የሚያወጡት ኃይል በ40 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ብርድ ብርድ ይላቸው፣ ደረጃ መውጣት ይከብዳቸው፣ ከምግብ በቀር ሌላ ወሬ አይጥማቸው ነበር።

ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በጓቲማላ የእርሻ ሠራተኞች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ተጨማሪ ምግብ ያገኙትም ያላገኙትም የታዘዙትን ሥራ ሠርተው ይጨርሱ ነበር፤ ልዩነቱ የታየው ከሥራ በኋላ ነው። በቂ ያልበሉት ወደ ቤታቸው የሚሄዱት እያዘገሙ ሲሆን፣ ከደረሱ በኋላም የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፉት ተኝተው ነበር። ይህ ለእኛም የሚታወቅ ገጽታ ይመስለኛል፦ እሑድን ሙሉ ተኝቶ የሚውል፣ ኳስ መጫወት የተወ፣ የማታ ትምህርት ጀምሮ ያቋረጠ ወጣት ብዙ ጊዜ ሰነፍ ይባላል። አሠሪው የሚያየው የሥራ ሰዓቱን ብቻ ስለሆነ፣ የተቆረጠው ከሠራተኛው የራሱ ሕይወት መሆኑ አይታየውም። ስለዚህ የአንድ ሰው ክብደት መውረዱን ማቆሙ በቂ እየበላ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ በዝቅተኛ ኪሎና ባነሰ ኑሮ ላይ ሚዛኑ ተገኝቶ ሊሆን ይችላል። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ከ60 ኪሎ ግራም ወደ 53 ሲወርድ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የከሲታነት ወሰን ካደረገው 18.5 የሰውነት ክብደት መለኪያ (ኪሎው በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር) በታች ይሆናል። እዚያ የሚያደርሱት ሰባት ኪሎዎች ብቻ ናቸው።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 33 በመቶ ከዚህ ወሰን በታች መሆናቸውን አሳይቷል። በቁጥሩ ውስጥ ገና እያደጉ ያሉ ጎረምሶች ስላሉበት ልዩነቱን ሁሉ ለጉልበት ሥራ መስጠት አይቻልም። ሆኖም ስለ ሥነ ምግብ የምንሰማው ሁሉ ስለ እናቶችና ሕፃናት ሆኖ ሳለ (መሆኑም ተገቢ ነው)፣ ከሦስት ወንዶች አንዱ ከሲታ የመሆኑ ነገር የአንድ ሳምንት ወሬ እንኳ ሳይሆን ማለፉ ይገርመኛል።

‹‹ታዲያ ለምን ጨምሮ አይበላም?›› የሚል ጥያቄ ይነሣል። ቀላሉ መልስ ገንዘብ ነው፤ እርሱ ግን ብቻውን አይበቃም። ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ ከምንዳው ላይ የአልጋ ከፍሎ፣ ለቤተሰብ የሚልከውን ለይቶ ነው የሚበላው። ኪራይ አይቀነስም፣ ቤተሰብም አይቀርበትም፤ ሊቀነስ የሚችለው ሆድ ብቻ ነው። ሁለትና ሦስት ሆነው አንድ ሽሮ አዝዘው እንጀራ የሚያስጨምሩት በዚህ ምክንያት ነው። ወደ አገር ቤት የሚላከው ብር በከፊል ከሰውነት ላይ የተቆጠበ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ የዋጋው ንረት አለ። በ2014 ዓ.ም. አጠቃላይ የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ በ57 ብር አካባቢ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አብዛኛው የምግብ ዘይታችን ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ይህ ለጉልበት ሠራተኛ ከሌላው ሰው የበለጠ ትርጉም አለው። ምክንያቱም የሥራውን ድርሻ 1,000 ኪሎ ካሎሪ ለመሙላት ወደ 110 ግራም ዘይት ሲበቃ፣ በእንጀራ እንሙላው ካልን ግን 670 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። ምግብ ቤቷ ዘይት ሲወደድባት የምትቀንሰው ከወጡ ነው፤ የሳህኑ ብዛት ሳይለወጥ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በላተኛውም የሚያውቀው በጣዕሙ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ራሱ ሆድ ነው። ከእንጀራ ክብደት ከ60 በመቶ በላዩ ውኃ ነው፤ ለስላሳነቱም፣ ወጥ መያዙም ከዚያ ይመጣል። 3,500 ኪሎ ካሎሪን በእንጀራ ብቻ ለማግኘት በቀን ሁለት ኪሎ ከ300 ግራም ያህል መብላት ይጠይቃል። ገንዘቡ ቢኖር እንኳ ይህን ያህል እንጀራ በልቶ፣ ወዲያው ተነሥቶ 50 ኪሎ የሚመዝን የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ ደረጃ መውጣት አይቻልም። ሠራተኛ ምሳውን ‹‹እንዳይከብደኝ›› ብሎ አሳንሶ የሚበላው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። ማታ ደግሞ ድካሙ ራሱ የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋዋል። ጫት የሚቅም ከሆነ ረሃቡ ጭራሽ አይሰማውም፤ ጫት ድካምን የሚያስረሳውን ያህል የምግብ ፍላጎትንም ይገድላል፣ ምርቃና ግን ኪሎ ካሎሪ የለውም። እንግዲህ ችግሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የመጠንም ነው፤ የሚያስፈልገው በትንሽ ቦታ ብዙ ጉልበት የሚይዝ ምግብ ነው።

ይህ ዓይነቱ ምግብ ደግሞ ከማንም የምንማረው አይደለም፤ ስንቅ ማለት እርሱ ነው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በቅቤ የተለወሰው ጭኮ፣ ሁሉም ውኃቸው የተወሰደ፣ የማይበላሹ፣ በትንሽ ስልቻ ለብዙ ቀን የሚበቁ ናቸው። ነጋዴውና ዘማቹ እንጀራ ተሸክመው አልሄዱም። 200 ግራም በሶ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ተበጥብጦ ቢጠጣ ወደ 900 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ይህም ከሥራው ድርሻ አብዛኛው ሲሆን ሁሉም ከአንድ ሊትር ባነሰ ዕቃ ውስጥ ያለ ነው። ገብሱ አስቀድሞ የተቆላ በመሆኑ እሳት አይጠይቅም፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ቢጠጣም ሆድ አይከብድም። ቆሎው ውስጥ አንድ ጭብጥ ኦቾሎኒ ቢገባበት ደግሞ ጉልበቱ በእጅጉ ይጨምራል፤ መቶ ግራም ኦቾሎኒ ብቻውን ከ550 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይዟል።

በኮንሶ ያለው ዘዴ ከዚህም የተለየ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የድንጋይ እርከኖች የሚሠሩና የሚጠግኑ ገበሬዎች ከማሽላና ከበቆሎ የሚጠመቀውን ወፍራም ጨቃ በቀን ውስጥ ደጋግመው ይጠጣሉ። ጨቃ ለእነርሱ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ማዕድ ነው፤ ውኃውንም እህሉንም በአንድ ቅል ያገኙታል። ባሬላ ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ለሚወጣ ሰው ጨቃ ይቀዳለት ማለቴ አይደለም። ለማለት የፈለግሁት፣ ከባድ ሥራ ባህል በሆነበት ቦታ ሁሉ ማኅበረሰቡ የሥራውን ድርሻ የሚሞላበት የራሱ መላ እንዳለው ነው። የከተማው ግንባታ ጉልበቱን ከገጠር ሲያመጣ መላውን ግን አላመጣም።

ጾምን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ትክክል አይመስለኝም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዓመቱ የጾም ቀኖች ብዙ ናቸው፤ ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። የጾሙ ምግብ ግን በራሱ አያከሳም። ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ኦቾሎኒና የምግብ ዘይት ሁሉም የጾም ናቸው፤ ባቄላው፣ ሽምብራውና ምስሩም ፕሮቲኑን ያሟላሉ። ስለ ፕሮቲን እጥረት ከጂም ቤት የተወሰደው ጭንቀት ለቀን ሠራተኛ ብዙም አይሠራም፤ እህልና ጥራጥሬ በበቂ መጠን የሚበላ ሰው ፕሮቲኑን አብሮ ያገኛል፣ የሚጎድለው መጠኑ ነው። ችግሩ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚሠራ ጿሚ፣ ወይም በረመዳን እስከ ማግሪብ የሚቆይ ሙስሊም ሠራተኛ፣ የቀኑን ፍላጎት በቀሩት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሙላት ይኖርበታል፤ ያኔ ሆድ የሚይዘው መጠን ዋናው ማነቆ ይሆናል። በእነዚህ ሳምንታት ማታ ላይ በዘይት የራሰ ተልባ ፍትፍት ወይም በበሶ የተጀመረ ኢፍጣር ከቀጭን ሾርባ የተሻለ ያገለግላል።

በግንባታ ቦታዎች ውኃ፣ ድንጋይና ማልታ የሚያመላልሱ ብዙ ሴቶችም አሉ። 50 ኪሎ ግራም የምትመዝን ወጣት ሴት በዚህ ሥራ ላይ ወደ 2,700 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልጋታል፤ የምታጠባ ከሆነች ቢያንስ 500 ያህል ይጨመርበታል። ማለትም 60 ኪሎ ለሚመዝነው ወንድ ወደሚያስፈልገው ትጠጋለች፣ የሚከፈላት ግን ብዙ ጊዜ ከእርሱ ያነሰ ነው፤ ከሥራ ስትመለስም ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። ጓቲማላዊው ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ የቆጠበውን ኃይል እርሷ የምትቆጥብበት ሰዓት የላትም።

እዚህ ላይ ሐኪም የሚፈልገውን ከሲታነት ከዚህኛው መለየት ይገባል። በደንብ እየበላ ክብደቱ በፍጥነት የሚወርድ፣ ውኃ ጥም የማይለቀው፣ ወይም ከሁለት ሳምንት በላይ ሳል ይዞት ሌሊት ሌሊት የሚያልበው ሰው ስለ በሶ የሚያስብበት ጊዜ አይደለም፤ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ሁለቱም ነገሮች ግን ይገናኛሉ፤ የከሳ ሰውነት ለሳንባ ነቀርሳ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፣ ብዙ ሆነው በአንድ ጠባብ ክፍል የሚያድሩ ሠራተኞች ደግሞ በሽታውን እርስ በርስ ሊያስተላልፉ ይችላሉ።

ወደ ሥራው ድርሻ ልመለስ። በገጠሩ ሥርዓት ይህን ድርሻ ማን ይከፍል እንደነበር ግልጽ ነው። ደቦ የጠራ ገበሬ አብልቶና አጠጥቶ ነው የሚያሠራው፤ ማዕዱ ያነሰ እንደሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው አይመጣለትም። በሁመራና በመተማ የሰሊጥ እርሻዎችም፣ በጥራቱ ላይ ሠራተኞች ቢያማርሩም፣ ለወቅት ሠራተኛ ቀለብ ማቅረብ የአሠሪው ነገር መሆኑ የተለመደ ነው። በከተማው የግንባታ ሥራ ግን ምንዳ በጥሬ ገንዘብ ተቆርጦ ቀለቡ ሙሉ በሙሉ ወደ ሠራተኛው ዞረ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ይወስናል፤ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወሰንበትንም መንገድ ከፍቷል፤ ይኸኛው ድንጋጌ ግን አዋጁ ከወጣ በኋላ ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆይቷል። ሰዓቱን የሚገድብ ሕግ አለ፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ የሚቃጠለውን ጉልበት የሚተካ ነገር ግን በየትኛውም የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ውስጥ አይገባም። ለሚክሰሩ ናፍታ በጀት አለው፤ ሚክሰሩን በአካፋ ለሚሞላው ሰው ግን የለም።

በምግብ ምትክ ገንዘቡ ይጨመርልን የሚሉ ሠራተኞች አሉ፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። ምግብ የሚያቀርብ አሠሪ ከምንዳው ላይ መልሶ ሊቆርጠው፣ ርካሹን ሊያቀርብ፣ ወይም ‹‹አበላችኋለሁ›› ብሎ ሰዓት ሊያስረዝም ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን ተጨማሪው ብር በአብዛኛው ወደ ቤተሰብ ስለሚላክ ጉድለቱ እንዳለ ይቀራል፤ በሥራ ሰዓት በቦታው የሚቀርብ ነገር ግን ከሠራተኛው ሆድ ሌላ መሄጃ የለውም። ሙሉ ምሳ ማቅረብ ለትንሽ ኮንትራክተር ሊከብድ ይችላል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ከአንድ በርሜል የሚቀዳ በሶ፣ ንጹሕ ውኃ፣ ስኳርና ትንሽ ጨው ግን ወጥ ቤትም ማገዶም አይጠይቅም፤ የጾምም የፍስክም ነው። ሃያ ሠራተኞች ላሉበት ቦታ ለእያንዳንዱ 200 ግራም ሲታሰብ በቀን አራት ኪሎ የገብስ ዱቄት ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ አሠሪዎች አያውቁትም ለማለት አልደፍርም። የግል ቤት የሚያሠራ ሰው ሶሌታ በሚሞላበት ቀን ብዙ ጊዜ ምሳ ያዘጋጃል፤ አቅሙ ያለው በግ ያርዳል። አርማታው ተጀምሮ መቋረጥ ስለማይችል፣ በዚያን ቀን የሠራተኛው ጉልበት ከሲሚንቶውና ከፌሮው ጋር እኩል ይቆጠራል፤ ፎርማኑም ‹‹በሉ፣ በደንብ ብሉ›› እያለ በመካከላቸው ይዞራል። በማግሥቱ ያው ሠራተኛ ከዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ሁለት ዳቦ ይግዛ ወይስ አንዱ ይበቃዋል እያለ ያሰላል።